ኩልና ማስካራ ማስለቀቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የጥር ሰርግ አልፎ ሁዳዴ ሲገባ ሙሽራ የምናስውብ ሰዎች እጃችን ያርፋል። እኔ ይህን ጊዜ የያዝኩት ለማስለቀቅ ልምምድ ነው። መቀባቱን ከስልክ ቪዲዮ አይቶ መያዝ ይቻላል፤ ደብረ ማርቆስ ያለን ጀማሪዎች አብዛኞቻችን የተማርነው እንደዚያው ነው። ማስለቀቁን ግን ልብ የሚለው የለም። ሙሽራዋ ሲጨፈር ውሎ ደክሟት ትገባለች፣ በደረቅ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ፈትጋ ፈትጋ ትተኛለች፤ በማግሥቱ ዓይኗ አብጦ ሲታይ «ሜካፑ አልተስማማትም» ይባላል። አንዳንዴ እውነትም አልተስማማት ይሆናል። እኔ ካየሁት ግን አብዛኛው የፍትጊያው ጣጣ ነው።

የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስሱ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሥሩ ያለው ሥጋ ልል ስለሆነ ትንሽ ሲታሽ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። የቆዳችን ፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያው) 5 አካባቢ ሲሆን ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። እጅና እግር ይችሉታል፤ ቆቡ ግን ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ሲያሳክክ ይታሻል፣ ሲታሽ ይብሳል። እንዶድማ ጭራሽ አይታሰብም፤ አረፋው ዓይን ከገባ የሚለበልበው ሌላ ነው።

አሁን የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ እጄን እስከ ጥፍሬ ሥር ድረስ እታጠባለሁ። ቫዝሊን በጣቴ ጫፍ ጥቂት ወስጄ በተዘጋው ዓይን ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ብቻ፣ ሳልጫን አስነካዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ነገሩ የልብስ መዘፍዘፍ ነው፤ ቀለሙ ራሱ መልቀቅ እስኪጀምር ካልታገሡት በጉልበት ማስለቀቅ ይመጣል። ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ የሚፈራው ቅባትን ነው፤ ውሃ ብታፈሱበት ንቅንቅ አይልም። ቅባቱ ሲገባው ሽፋሽፍቱ ሥር ጥቁር ነገር ሲፈስ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቆቡ ላይ አሳርፌ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች አንዴ ብቻ እስባለሁ። ጨርቁን አጥፌ በንጹሑ በኩል ደግሞ አንዴ። ወዲያና ወዲህ መፈተግ የለም። ማዕዘኑን ሳጸዳ ከአፍንጫ በኩል ተነሥቼ ወደ ጆሮ ነው። ለሌላኛው ዓይን ሌላ ጨርቅ።

ስለ ጨርቁ ብዙ ለፍቻለሁ። ባዘቶ ለስላሳ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ክሩ እየተበጠሰ ሽፋሽፍት ላይ ይቀራል፣ ዓይን ውስጥም ይገባል። ሶፍት ሲረጥብ ይፈረካከሳል። የሚሸጠው እርጥብ ሶፍት ደግሞ ሽቶና አልኮል ያለበት ይበዛል። ከሁሉ የተሻለኝ ብዙ ታጥቦ የሳሳ አሮጌ ነጠላ ነው፤ ጥለቱን ቆርጬ አወጣና መሐሉን በመዳፍ ልክ እቆራርጠዋለሁ፣ ቀቅዬ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። እናቴ ነጠላው ሲቀደድ ስታይ ብትቆጣም የዛሬውን ውጤት አይታ ሌላ ጨምራልኛለች።

«የኑግ ዘይትስ?» የምትሉ አላችሁ። ጎጃም ውስጥ ኑግ የሌለው ቤት የት ይገኛል! ግን ከመጭመቂያ የሚመጣው ዝቃጭ አለው፣ ሽታውም ከባድ ነው፤ ለወጥ ይሁን።

የሚያስቸግረው በቆቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተኳለ ኩል ነው። ከሽፋሽፍቱ ጀርባ እንባችን ቶሎ እንዳይደርቅ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30። ኩሉ የሚደፍነው እነሱን ነው። በጨርቅ እዚያ ድረስ አልገባም፤ ከውጭ ያለውን አጸዳና የውስጡን እንባ ራሱ እንዲያወጣው እተወዋለሁ። ስለዚህ አሁን ከሽፋሽፍቱ ውጭ ብቻ እኩላለሁ። በድንጋይ የተፈጨውን የገበያ ኩል ትቼዋለሁ፤ እርሳስ የተባለው ማዕድን የሚገኝበት አለ፣ ለሕፃን ደግሞ ይህ የአእምሮ ጉዳት ያመጣል። ሕፃን ለምትኩሉ እህቶች ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእኛ አገር የዓይን ማዝ፣ ማለትም የትራኮማ አገር ነው። ትራኮማ በጣት፣ በፎጣና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይሻገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እሱን ለማጥፋት ከያዛቸው አራት መንገዶች አንዱ ፊት መታጠብ ነው፤ ሌሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒትና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። እንግዲህ አራት ሚዜ በአንድ ማስካራ ኩሎ በአንድ ፎጣ መጥረግ ምን እንደሆነ ገምቱ። እኔ ለእያንዳንዷ የየራሷን ጨርቅ እሰጣለሁ፣ የከፈትኩትን ማስካራ ወሩን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። ጥር ላይ የተከፈተው ሚያዝያ ላይ ይጣላል። ዓይኗ የቀላ ወይም ዓይናር የሚያወጣ ከሆነ ምንም ብትለምነኝ አልቀባም።

በአንድ ሰርግ የሙሽራዋን እናት ለማጽዳት ቀረብ ስል ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ሲነካ አየሁ። አንገታቸው ላይ በማተባቸው ወረንጦ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይቆረቁርዎታል?»

«ፀጉሩ ነው ልጄ። ስነቅለው ይተወኛል፣ ደግሞ ይበቅላል።»

እንዲህ ያለው ከተደጋገመ ትራኮማ የሚመጣ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። መንቀሉ ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ውሎ አድሮ ያሳውራል። በሠለጠኑ ነርሶች ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና አለ። ለልጃቸው ነገርኳት፤ ከሰርጉ በኋላ ወስዳቸዋለች። እኛ ከሐኪም ቀድመን የሰው ዓይን በቅርብ የምናይ ነንና ይህን ማወቁ አይከፋም። ሕመም ካለ፣ ብርሃን ካስፈራ ወይም እይታ ከደበዘዘ ግን የእኛ ጨርቅ ሥራ የለውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ገና ያልተዋጣልኝ አርቲፊሻል ሽፋሽፍት ማንሣት ነው። ሙጫው በቅባት ይለሰልሳል፣ ግን ከራሷ ሽፋሽፍት ጋር ተጣብቆ ሲቀር ይዞ የሚነቅለው አለ። አሁን የምሞክረው ከውጭኛው ማዕዘን ጀምሬ በቅባት የራሰ የነጠላ ቁራጭ ረዘም ላለ ጊዜ ማሳረፍ ነው። ላቴክስ የሚባል የጎማ ነገር ያለበት ሙጫ የማይስማማት ሴት ስላለች ከሰርጉ ቀናት በፊት ክርኗ መታጠፊያ ላይ ጠብታ እሞክርላታለሁ። ከትንሣኤ በኋላ ለሚያገቡት ሙሽሮች ደግሞ የተቀቀሉ ቁራጮችና ትንሽ ቫዝሊን የያዘ ከረጢት ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ፤ ዋጋውን ከሜካፑ ሂሳብ ጋር አብሬ ነው የምይዘው።