ባር ባር የሚላት ሆዷን

ኅዳር 14፣ ጅማ

የ8 ዓመቷ ልጄ ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቶ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ትል ጀመር። መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ሰው ስለሆንሁ ሆድ የሚል ቃል ስሰማ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ወደ መደርደሪያው ይሄዳልና፣ አልበንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት፣ ባለ 400 ሚሊ ግራሙን፣ አንድ ፍሬ አስዋጥኋት። አማቴ ደግሞ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨመቁላት። የሰገራ ምርመራ አስደረግንላት፤ ምንም አልተገኘም። በማግስቱ ዩኒፎርሟን ስታጠልቅ ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

ዐይኔን የገለጠው የሽያጭ መዝገብ የመያዝ ልማዴ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ያመማትንና ያላመማትን ቀን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍሁ። ከ10 የትምህርት ቀን በ7ቱ አመማት፤ ቅዳሜ አንድም ጊዜ አላመማትም፤ እሑድ ከጊንጆ ሰፈር ልጆች ጋር ስትቦርቅ ውላ፣ አመሻሽ ላይ ደብተሯን ወደ ቦርሳ ስትከት ዝም ትላለች። ይህን ካየሁ በኋላ እስከዚያ ተራ ጠባይ ይመስሉኝ የነበሩ ነገሮች ሁሉ ይሰበሰቡልኝ ጀመር፤ ጥፍሯን እስኪደማ መንከሷ፣ መብራት ካልበራ አለመተኛቷ፣ እናቷ ከሄርማታ ገበያ ለጥቂት ደቂቃ ስትዘገይ ስልክ አንሥታ መደወሏ፣ «እማዬ በስንት ሰዓት ትመጣለች?» ብላ መልሱን ሰምታ ወዲያው ደግማ መጠየቋ። የካልሲዋ ስፌት ቆረቆረኝ ብላ የጮኸችበትን ጠዋት ቅብጠት መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ድምፅዋ አለመሰማቱንማ «ጨዋ ልጅ» እየተባለ ስለሚመሰገንልኝ እኮራበት ነበር።

እናቴ ያረፈችው በነሐሴ ነው። ለቅሶው እቤታችን ስለተቀመጠ ልጆቹን ጎረቤት ልከን፣ አያታቸው ሩቅ አገር እንደሄደች ነገርናቸው። ዛሬ ሳስበው፣ ልጄ ከዚያ አነጋገር የተረዳችው ሰው ደኅና ዋሉ ብሎ ወጥቶ ሊቀር እንደሚችል ይመስለኛል፤ ታዲያ እናቷን ለገበያ ለቅቃ እንዴት ተረጋግታ ትማር?

ሕመሟ የውሸት አይደለም። ሰውነት አደጋ የመጣበት ሲመስለው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፣ ልብ ይመታል፣ ደምም ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይዞራል፤ አንጀት ደግሞ የራሱ ሰፊ የነርቭ መረብ ስላለው ይህን ሁሉ እንደ ቁርጠትና እንደ ማቅለሽለሽ ያሰማል። አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያውቀው ኖሯል፤ የሚሰጋ ሰው ሆዴን ባር ባር አለኝ ይላል። ልጄ ግማሹን ብትነግረኝ የትል መድኃኒት ሰጠኋት። እርግጥ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ በሰገራ ውስጥ ደም ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ቢኖር ኖሮ በጭንቀት ማመካኘት ስሕተት ይሆን ነበር፤ ምርመራው አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ያስቀረኋት ቀናት ናቸው። «ዛሬ እረፊ» ስላት ፊቷ ወዲያው ይፈካ ነበር፤ እኔም ያሻልኋት መሰለኝ። የሚሸሹት ነገር በሸሹት ቁጥር እንደሚያስፈራ፣ እያንዳንዱ የቀረችበት ቀንም ቀጣዩን ጠዋት እንደሚያከብድባት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከእናቱ ሲለይ ማልቀሱ የዕድገት ወግ ነው። በእርሷ ዕድሜ ግን እንዲህ ያለው ስጋት ከ4 ሳምንት በላይ ሲቆይና ትምህርት ሲያስቀር የባለሙያ ዐይን ይሻል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዘንላታል። ሰው «ልጅቷን ምን ነካት» ይላል ብላ ባለቤቴ ሁለት ቀን አመነታች፤ እውነት ለመናገር እኔም አመንትቻለሁ።

እስከዚያው ስለ አያቷ ሞት በቃሉ ጠርተን ነገርናት። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያም የተቀበረችበትን ቦታ ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። የእናቷን መመለሻ ሰዓት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ እነግራታለሁ፤ ስትደግምልኝ «አንቺስ ስንት ሰዓት አልሁሽ?» ብዬ ራሷ እንድትመልስ አደርጋለሁ። ይህ ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥቴን የሚፈትነው ነው።

ባለፈው ሳምንት እስከ ክፍሏ በር ሸኘኋት፤ ሰኞ እስከ ባንዲራው እንጨት ድረስ። ዛሬ የአዌቱን ወንዝ ተሻግረን ግቢው በር ስንደርስ እጄን ጨምቃ ይዛ ጥቂት ቆመችና፣ «አባዬ፣ እስክገባ እዚሁ ቁም» አለችኝ። ቆምሁ። ሦስት ጊዜ ዞራ አየችኝ፤ ደረሰኙ ላይ ሦስት ብዬ ጻፍሁ።