ሞተሩ ዝም ሲል ማስተማር

«ማርሴል ሜሎሲራ» በአሜሪካ የሚገኘው የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የምርምር መርከብ ናት። ቻምፕሌን ሀይቅ ላይ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ሃይብሪድ ስለሆነች በናፍጣም በባትሪም ትሄዳለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ነዳጅ እንደምትቆጥብ ነው። የተማሪዎችን የሀይቅ ላይ ትምህርት ለማሰናዳው ለእኔ ግን ትልቁ ትርፍ ጸጥታው ነው።

ድሮ በናፍጣ ጀልባ ማብራሪያ የምንሰጠው እየተጓዝን ነበር። ማብራሪያ ይባል እንጂ ጩኸት ነው። ከኋላ የቆመው ተማሪ ራሱን ይነቀንቃል፣ ምንም አልሰማም። አሁን ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። እየተጓዝን ጓንት፣ ጠርሙስና መለያ ወረቀት ይዘጋጃል። ትምህርቱ የሚጀመረው ካፒቴኑ ወደ ባትሪ ሲቀይር ነው።

ውሃ መቅጃውን እንውሰድ። ሁለቱም አፉ የተከፈተ ቱቦ ነው፣ በገመድ ይወርዳል። የተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ትንሽ የብረት ክብደት በገመዱ ላይ እንለቃለን። ወርዶ ሲመታው ክዳኖቹ ጥርቅም ይላሉ። ገመዱን የያዘችው ተማሪ ያቺን ምት በጣቷ ታውቃታለች። ሞተር እየሠራ ከሆነ ግን ንዝረቱ ይውጣታል፤ ተዘጋ አልተዘጋ በግምት ነው። በበጋ የሀይቁ ላዩ ሞቅ ያለ፣ ታቹ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም የማይርቅ ነው። ስክሪኑን ከማሳየቴ በፊት ከታች የመጣውን ውሃ በእጃቸው እንዲነኩት አደርጋለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው የሙቀት ግራፍ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

የናፍጣው ጭስም አለ። ንፋሱ ወደ መርከቧ ከመለሰው ናሙናውም ሰውም ይቸገራል።

ባትሪ ግን በጀት ነው። ገመድ የሚስበው ዊንችም፣ ፓምፑም፣ ኮምፒውተሩም ከዚያው ይጠቀማሉ። ዋናው በላተኛ ፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። በግማሽ ፍጥነት መሄድ በእጥፍ ሰዓት ያስጉዛል፣ ለዚያው ርቀት የሚበላው ጉልበት ግን ሩብ ገደማ ነው። ይህን ሂሳብ ካየሁ ወዲህ ናሙና የምንወስድበትን ጣቢያ የምመርጥበት መንገድ ተቀየረ። ሀይቁ ወደ 193 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 122 ሜትርም ይጠልቃል፤ በአንድ ቀን ሁሉን ላዳርስ ብል አይሆንም። ስለዚህ አንድ ጥልቅ ቦታና አንድ ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ፣ ተቀራርበው ያሉ፣ እመርጣለሁ። ከወደብ ረጅሙን መንገድ በናፍጣ እንሄዳለን፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ደግሞ በባትሪ ቀስ እያልን።

ንፋስ ያለ ቀን መርከቧን አንድ ቦታ ይዞ መቆየት ራሱ ጉልበት ይበላል። ትንበያው ከሰዓት በኋላ ንፋስ ካለ፣ ጥልቁን ቦታ ጠዋት ላይ አደርገዋለሁ፤ ወሽመጡ የተከለለ ስለሆነ ቢቆይ ግድ የለም። ይህን ከዋዜማው ጀምሮ ከካፒቴኑ ጋር እንነጋገራለን። እኔ የትኛው ቦታ ላይ ስንት ደቂቃ ጸጥታ እንደምፈልግ እነግረዋለሁ፣ እሱ ባትሪው ይችል አይችል ይነግረኛል። አንዳንዴ ይቀንስብኛል።