አንዱ የጠቆረ፣ ሁለቱ ደህና

ደሴ ላይ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ በአዲስ መጠቅለል ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከሐይቅ በኩል አንድ የወፍጮ ሞተር ተጭኖ መጣ። 15 ኪሎዋት፣ ሦስት ፌዝ፤ መብራት በሦስት መስመር የሚገባለት ማለት ነው። ክዳኑን ስፈታው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ሰዉ እህሉን በአህያ ጭኖ እየመጣ ይመለሳል። ቶሎ በልልኝ» አሉኝ።

ቶሎ አልኩላቸው። ዙሩን ቆጠርኩ፣ የሽቦውን ውፍረት ለካሁ፣ አሮጌውን መዳብ ቆርጬ አወጣሁ። አዲሱን ጠቀለልኩ፣ ቫርኒሽ ሰጠሁት፣ አደረቅኩት። ኩሽኔታውንም ቀየርኩ። ሜገር በሚባለው መለኪያ ስለካው ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ንክኪ አልነበረውም። ጥቅለላው ጥሩ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም።

በ9ኛው ቀን ተቃጥሎ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ፒንሳዬን አስቀምጬ ከሞተሩ ፊት ቁጭ አልኩ። የሽቦው ጥቅል ዙሪያውን በሥርዓት ነው የተቃጠለው። አንዱ ከሰል መስሏል፣ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ደህና ናቸው። ደግሞ አንዱ ከሰል፣ ሁለቱ ደህና። ሞተሩ ጭነት በዝቶበት ቢሆን ሁሉም እኩል ይጠቁር ነበር። ኩሽኔታ አልቆ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ቢፈገፍግ ደግሞ ጉዳቱ የፈገፈገበት ቦታ ላይ ይታያል። በዴልታ፣ ማለትም ሦስቱ ፌዞቹ ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን የታሰሩበት ሞተር ከሦስቱ አንዱ ፌዙ ብቻ ሲነድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ከሚገቡት ሦስት መስመሮች አንዱ ጠፍቷል ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ መስመሮች 380 ቮልቱን በሙሉ አንዱ ጥቅል ላይ ይጭኑበታል። ሌሎቹ ሁለቱ ተከታትለው ስለሚቀሩ ያንኑ ቮልት ይካፈላሉ። ሞተሩ እየዞረ ከነበረ ቶሎ አይቆምም። እያጉረመረመ ይጎትታል፣ ያ አንዱ ጥቅል ይቃጠላል።

የመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር። ስቆርጠው እጄ ላይ የነበረው ጥቁርና ደህና መዳብ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ሐይቅ ሄድኩ። የሞተሩን ማስነሻ ሳጥን ስከፍት ውስጡ ዱቄት ለብሷል። መብራቱን ወደ ሞተሩ የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ኮንታክተር አንዱ መግጠሚያው ተበልቶ በደንብ አይነካም። ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚዘጋው የኦቨርሎዱ ማስተካከያ ደግሞ እስከ መጨረሻው ዞሯል። የወፍጮው ልጅ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ «እየዘጋ ሲያስቸግረን ከፍ አደረግነው» አለኝ። ልጁ ላይ መቆጣት አልቻልኩም። ያ ኦቨርሎድ እየዘጋ የሚለውን እሱ አልሰማም፤ እኔም ተቃጥሎ የመጣውን ሞተር አልሰማሁም።

ሀጂ የጠቆረውን ጥቅል አገላብጠው አዩት።

«የፊተኛውም እንዲህ ነበር?»

«አዎ ሀጂ።»

«ያኔ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ቸኩዬ ቆረጥኩት።»

ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ኮንታክተሩን በአዲስ ቀየርኩ፣ ኦቨርሎዱን በልኩ መለስኩ፣ አንድ ፌዝ ሲጠፋ ወዲያው መብራቱን የሚቆርጥ ሪሌ የሚባል መከላከያም ጨመርኩ። ለሁለተኛው ጥቅለላ የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም፤ ሀጂ ግን የመዳቡን ካልከፈልኩ ብለው ከፈሉ። ሞተሩን ገጥመን ስናስነሳው ለአፍጥር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ሦስቱንም መስመር በየተራ ለካሁ፤ አምፔራቸው እኩል ነው። ደጅ የቆሙት ሴቶች ጆንያቸውን ማስገባት ጀመሩ።