«አዎ ልጄ፣ ይሰማኛል»

የስኳር ክትትል ክፍል ስመደብ የእግር ምርመራውን በአንድ ጥያቄ እጨርሰው ነበር። «እግርዎን ያደነዝዝዎታል?» «ኧረ ደህና ነኝ።» ካርዱ ላይ «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀጣዩ ይገባል። ደጁ ላይ ወረፋው ረጅም ነው።

አንድ ቀን ስኳር ከያዛቸው ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸው አባት መጡ። እሳቸውም ደህና ነኝ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ክብደት ልመዝናቸው ጫማቸውን ሲያወልቁ ጠጠር ዱብ አለ። ካልሲያቸው ደም ነክቶታል። ከአውራ ጣታቸው ግርጌ ውስጥ እግራቸው ቆስሏል። ጠጠሩ መቼ እንደገባ አያውቁም። ከቤታቸው ጀምሮ እየረገጡት ነው የመጡት።

አልዋሹኝም። ስኳር የእግርን ነርቭ ቀስ በቀስ ሲጎዳ ሕመሙም አብሮ ይጠፋል። ያላመመው ሰው ደግሞ ደህና ነኝ ይላል። ያን ቀን ካርዳቸው ላይ የጻፍኩትን ቃል ሳየው ሆዴ ተላወሰ።

ከዚያ በኋላ ሞኖፊላመንት መጠቀም ጀመርኩ። ቀጭን የናይለን ክር ነው። ቆዳ ላይ ተጭነውት ሲታጠፍ የ10 ግራም ጫና ያሳርፋል። መጀመሪያ ላይ ግን አጠቃቀሜ ስህተት ነበር። እየነካሁ «ይሰማዎታል?» እላለሁ። ሁሉም «አዎ ልጄ፣ ይሰማኛል» ይሉኛል። አንድ ቀን ጠረጠርኩና ክሩን ሳላስነካ ጠየቅኳቸው። አሁንም «አዎ»! ይሉኝታ ነው። የለፋችን ልጅ ማን ማሳዘን ይፈልጋል?

ስለዚህ አጠያየቄን ቀየርኩ። መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ አስነካና ስሜቱን አሳውቃቸዋለሁ። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «የተነካዎት ሲመስልዎት “አለ” ይበሉኝ፣ የትኛው እግር እንደሆነም ይንገሩኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ዝም። የአውራ ጣቱን የታች ገጽ፣ ከዚያ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት መነሻ በታች ያለውን ውስጥ እግር አያለሁ። ክሩን ሁለት ሰከንድ ያህል አሳርፌ አነሳለሁ፤ አላንሸራትትም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ እሞክራለሁ፣ አንዱን ግን ሳልነካ። ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል ካልመለሱ እዚያ ቦታ ላይ ስሜት ቀንሷል። ቁስልና የጠነከረ ቆዳ ላይ አልጫንም፤ ደንዳና ቆዳ ጤነኛ ነርቭንም የሞተ ያስመስላል።

ክሩም ይደክማል። 10 ሰው ከመረመሩበት በኋላ 24 ሰዓት ማሳረፍ ይመከራል። ይህን ሳላውቅ ቀኑን ሙሉ በአንዱ ስሠራ ከርሜያለሁ።

ክሩ በሌለ ቀን ጣቴ አለ። በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች የተጀመረ ዘዴ ነው። በሁለቱም እግር የአውራ ጣትን፣ የመሀል ጣትንና የትንሿን ጣት ጫፍ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያህል በስሱ መንካት ነው። መጫን፣ መታ መታ ማድረግ አይፈቀድም። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማ እግሩ አደጋ ላይ ነው። ቤተሰብም ቤት ውስጥ ሊሠራው ስለሚችል አብሮ ለመጣ ሁሉ አሳያለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ጫማ ማስወለቁ ነበር። «ዛሬ እግሬን አልታጠብኩም ሲስተር፣ ሌላ ቀን» ይላሉ። በርጩማ ላይ ዝቅ ብዬ እግራቸውን ስይዝ ደግሞ «ተነሺ ልጄ፣ ነውር ነው» ብለው የሚሸሹ አሉ። አሁን የቀጠሮ ወረቀታቸው ላይ «እግር እናያለን» ብዬ አስቀድሜ እጽፋለሁ። ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ወንበር ላይ እያሉ ካልሲ ካወለቁ ወረፋውም አይጓተትም።

ካርዱ ላይም «ደህና» ማለት ትቻለሁ። የትኛው እግር፣ የትኛው ቦታ እንዳልተሰማ እጽፋለሁ። ስሜት የቀነሰባቸውን ዓመት አላስጠብቅም፤ ቢበዛ በ6 ወር አያቸዋለሁ። ከሰል ምድጃ ዳር እግር ማሞቅ እንዲተው፣ ውሃ ሲታጠቡ ሙቀቱን በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ እንዲለኩ፣ ቤት ውስጥም በባዶ እግር እንዳይሄዱ እነግራቸዋለሁ።

የእኚያ አባት ቁስል ለመዳን ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ገልብጣ የምታራግፈው የልጅ ልጃቸው ናት። ባለፈው ቀጠሮ አብራቸው መጥታ ከጫማው ያገኘችውን ከኪሷ አውጥታ አሳየችኝ። የሸሚዝ ቁልፍ ነበር።