ያልነገርኋቸው ቁጥር

ጋሼ ሞተር ሳይክላቸውን በአይሱዙ አስጭነው ኮተቤ ካለው ግቢዬ በር የደረሱት በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከጋቢናው ወርደው ከሰላምታ በፊት የተናገሩት ቃልም ይቅርታ ነበር። «ልፋትህን ሁሉ ከንቱ አስቀረሁት፤ ርካሽ ዘይት ገዝቼ ሞተሯን ገደልኋት» አሉኝ። በዕድሜ ከአባቴ ጋር የሚመጣጠኑ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው በፊቴ እንደዚያ ሲቆሙ፣ ምን እንደ ሆነ እንኳ ሳልጠይቅ «ግድ የለም ጋሼ፣ እናየዋለን» ብዬ ይቅርታቸውን ተቀበልሁ። ይህን የምጽፈው በዚያች መልሴ ምክንያት ነው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ መሆኔን ያወቅሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ካወቅሁ በኋላም አፌን አውጥቼ ለመናገር ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ሞተሯ ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኗ አንዴ ወጥታ አንዴ ስትወርድ አንድ ዙር የምትጨርስ)፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ዘይቷን ለብቻው ከተቀመጠ ማጠራቀሚያ በራሷ ፓምፕ እየሳበች የምትሠራ። ጋሼ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነው ገጠር ለገጠር ሲዞሩ ለብዙ ዓመታት የተቀመጡባት፣ ኋላም መሥሪያ ቤታቸው በሐራጅ ሲያወጣት ተጫርተው የገዟት ስለሆነች እንደ ማንኛውም ዕቃ አያዩአትም። እኔ ቀን ቢሮ እየዋልሁ፣ ማታና ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ በሠራሁት የቆርቆሮ መጠለያ ሥር እንዲህ ያሉ አሮጌ ሞተሮችን እጠግናለሁ። ብዙ ጋራዦች ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲያዩ «ጭስ ናት፣ ሽጣት» ብለው ባለቤቱን ይመልሱታል፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት እንግዲህ የተመለሱት ናቸው።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ጋሼ የመጡት «ቤንዚን ትጠጣለች፤ ዳገት ላይም ትታፈናለች» ብለው ነበር። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምታቀጣጥለውን ካንዴላዋን ስፈታት ጥላሸት ለብሳ እርጥብ ሆና አገኘኋት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት ካርቡሬተር ውስጥ፣ ቤንዚኑን በምትመጥነው ጄት በምትባል ትንሽ ዕቃ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስምና፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ሞተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ ዋናውን ጄት አውጥቼ ቁጥሩ በ10 ዝቅ ያለ፣ ማለትም ቀዳዳው የጠበበ፣ አስገባሁ። ከሳምንት በኋላ ካንዴላዋን ስናይ የተቆላ ቡና መልክ ይዛለች፤ ዳገቱንም በሦስተኛ ማርሽ መውጣት ጀምራለች። ሥራው እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

ነገር ግን የቤንዚን ዋጋ የጨመረበት ሰሞን ስለነበር ጋሼ ተመልሰው መጡና «ልጄ፣ ትንሽ ልትጨምርበት አትችልም? ጡረታዬን እኮ ታውቃለህ» አሉኝ። ጡረታቸውን አውቃለሁ። የቁጠባውም ውጤት እኔን ራሴን አጓጉቶኝ ነበር፤ በእጄ የገባ ሞተር በአንድ ሊትር ከሌላው የበለጠ መሄዱ ደስ ይለኛል። ሌላ 5 ቁጥር ዝቅ አደረግሁ። ከኮተቤ እስከ ካራ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሞከርኋት፤ አልታፈነችም፣ አልተንኳኳችም። የካንዴላዋ መልክ መንጣት መጀመሩን፣ ማለትም ቤንዚን ማነሱን፣ አይቻለሁ፤ «ለከተማ ትበቃለች» ብዬ ለራሴ ፈረድሁ። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፤ ለጋሼ የነገርኋቸው ግን «አሁን ትቀንሳለች» የሚል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። «ቤንዚን እናስቆጥባለን» እያሉ ጄት የሚያሳንሱ ባለሙያዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ጄት ሲያጡ ያለውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ያጠቡታል። እነርሱን ሳማ ኖሬአለሁ። የመጀመሪያው 10 ቁጥር ለከፍታው የተደረገና ትክክል የነበረ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው 5 ቁጥር ግን እነርሱ ከሚሠሩት በምን እንደሚለይ እስካሁን ለራሴ አላስረዳሁም።

በሚያዝያ ጋሼ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚሠራ ልጃቸውን ለመጠየቅ ተነሡ፤ ከኋላም የልጅ ልጃቸውን ጫኑ። አዳማ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ነች፤ ከወለንጪቲ አልፎ መተሐራ ሲደረስ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል፣ ሙቀቱም ሌላ አገር ነው። በፈንታሌ ተራራ ሥር ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለበት፣ ሜዳና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጋዙን ሙሉ ሰጥተው ሲሄዱ፣ ድምፅዋ በድንገት ቀጠነና የኋላው ጎማ ቆመ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ባይዙት ኖሮ ሁለቱም ይወድቁ ነበር። የልጅ ልጃቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በጻፍሁ ቁጥር እጄ ይቆማል።

መንገድ ላይ ያገኙት መካኒክ ዘይት ነው ብሎ ፈረደ። የዘይት ፓምፑን ቱቦ ነቅሎ በቡሎን ደፈነው፤ «ከእንግዲህ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው ይንዱ» አላቸው፤ የካርቡሬተሩንም ሥር ለመክፈት ሲሞክር የብሎኖቹን ራስ ፈጭቶ ተወው። የጃፓን ሞተሮች ባለ መስቀል ብሎን በገበያ ከሚሸጠው ተራ ካቻቢቴ ጋር እንደማይገጥም፣ ጫፉ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ራሱን እንደሚበላው በሙያው ውስጥ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያ ሰው ግን መናደድ አልቻልሁም፤ የብሎኖቹን ራስ ፈጨ እንጂ ጄቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ስፈታት ጋሼ በዱካ ላይ ተቀምጠው ባትሪ ያበሩልኝ ነበር። መጀመሪያ የዘይት ፓምፑን ቱቦ መልሼ ገጠምሁ፤ አየሩን አስወጥቼ ፓምፑን በእጅ ሳዞረው ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ መጣ። ፓምፑን ከጋዙ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ምልክትም ልክ ቦታው ላይ ነበር። ስለዚህ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረው ዘይትም ርካሽ ይሁን እንጂ ለባለ ሁለት ምት የተሠራ ነበር። ከዚያ ካንዴላዋን ፈታሁ፤ ጫፏ እንደ ኖራ ነጭ ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አንሥቼ ሲሊንደሩን ሳወጣው፣ የፒስተኑ የማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ወገን ከላይ እስከ ታች ተፍቆ፣ ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች) በቀለጠ አሉሚኒየም ተጣብቀው ከጎድጓዳቸው አልነቀል ብለዋል፤ ካርቡሬተሩ ያለበት ወገን ግን ንጹሕ ነበር። ቁልቁለት ላይ ጋዝ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ሲወረድ ፓምፑ ዘይት ስለሚቀንስ የሚመጣ ሌላ ዓይነት መንከስ፣ ማለትም የፒስተንና የሲሊንደር መጣበቅ፣ አለ፤ እርሱ እንዲሆንልኝ ለጥቂት ደቂቃ ተመኝቻለሁ። ነገር ግን ሜዳ ላይ በሙሉ ጋዝ የነከሰ፣ ካንዴላው የነጣ ሞተር ሌላ ትርጉም የለውም፤ ቤንዚን አንሷት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑን የሚያቀዘቅዘው በሚገባው ቤንዚን ጭምር ስለሆነ፣ ያ ሲያንስ ብረቱ ይሰፋና ሲሊንደሩን ይነክሳል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሼ ስለ ዘይቱ ያወሩ ነበር። ከየትኛው ሱቅ እንደ ገዙት፣ ሻጩ ምን እንዳላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን እናት በምን ዓይን እንደሚያዩአት። እኔ በጨርቅ ፒስተኑን እያሻሸሁ «እም» እል ነበር። ባለቤቴ ቡና አቀረበች። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን። ለዝምታዬ ምክንያት ሳበጅለት ነበር፤ ሰውዬው ከድንጋጤው ይረጋጋ፣ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ልለካው፣ የጄቱን ቁጥር በዓይኔ ልየው። ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ፤ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

በመጨረሻ «ጋሼ፣ ዘይቱ አይደለም» አልኋቸው። «ጄቱ ነው። ለአዲስ አበባ ያሳነስሁት ነው፤ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ወፍራም ስለሚሆን ቤንዚኑ አይበቃትም።»

ስኒውን አስቀመጡ። «ይህን ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

«አይደለም። ያኔም አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አዋሽ እንደሚሄዱ አልነገሩኝም ጋሼ» አልሁ። ይህ መልስ ከአፌ ሲወጣ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ አልተቆጡም። የሚናገሩት ለተለማማጅ ባለሙያ እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ የታመመች ላም ፀረ ተሕዋስያን መርፌ ስወጋ፣ ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ለባለቤቱ ነግሬው ነው ከበረቱ የምወጣው። ባለቤቱ አይጠይቀኝም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም፤ እንዴት ብሎ ይጠይቀኛል? እኔም አዋሽ ስሄድ ለአንተ መናገር እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?»

«ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ» አልሁ፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

«ደብተሩ ያለው አንተ ጋ ነው፤ ሞተሯ ያለችው እኔ ጋ ነው።»

ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። ቆይተው ደግሞ «ቀንስልኝ ብዬ የለመንሁህም እኔ ነኝ፤ ሁሉንም በአንተ አልጭንም» አሉ። ይህንን አልተቀበልሁትም፤ አሁንም አልቀበለውም። የላሚቱ ባለቤት መርፌውን ለምኖ ይሆናል፤ የመርፌውን ጠባይ የሚያውቀው ግን የሚወጋው ሰው ነው። ሆኖም ክርክሩ በእርሳቸው አሸናፊነት አለቀ፤ የፒስተኑን ዋጋ እርሳቸው ሊከፍሉ፣ እኔ የቶርኖ ቤቱን ልከፍልና የእጄን ልተው ተስማማን። ካልሆነ ሌላ ቦታ እወስዳታለሁ ስላሉ ነው የተስማማሁት።

ጥገናው እንደ ወትሮው ነው። መርካቶ ለሦስት ቀን ዞሬ በ0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ከነፋሻው አገኘሁ። ለቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ፒስተኑን ራሱን ይዤ ሄድሁ፤ 56 ሚሊ ሜትር የነበረውን ሲሊንደር በቁጥር ብቻ ነግሮ በቶርኖ ማስጠረብ በኋላ ያጣላል፣ ክፍተቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነውና። ፒስተኑን ቀስቱ ወደ ማርሚታው እንዲያይ አድርጌ ገጠምሁ፤ የተፈጩትን ብሎኖች በሙሉ ለወጥሁ።

አስቸጋሪው ጄቱ ነበር። ፋብሪካው የሰጣትን ብመልስላት ኮተቤ ላይ ትታፈናለች፤ በ10 ዝቅ ያለውን ብገጥምላት ቆላ ወርደው ሙሉ ጋዝ ቢሰጡ ሙሉ ዋስትና ልሰጣቸው አልችልም። ለሁለቱም አገር የሚሆን አንድ ቀዳዳ የለም። የመጀመሪያውን የ10 ቁጥር ቅናሽ መልሼ ገጠምሁ፤ የፋብሪካውን ጄት ከሚገጥመው ካቻቢቴ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ በመቀመጫው ሥር አኖርሁ። በቆርቆሮ ቁራጭ ላይም «ከአዳማ በታች ሲወርዱ ይህን ያስገቡ» ብዬ በሚስማር ጽፌ ከመሪው ጋር አሰርሁት። ጋሼን ቁጭ አድርጌ በራሳቸው እጅ ሁለት ጊዜ አስለወጥኋቸው፤ እጃቸው መርፌ የለመደ ስለሆነ ከእኔ ይልቅ ረጋ ብለው ለወጡት።

ከዚያ ወዲህ ከእጄ በሚወጣ ሞተር ሁሉ ላይ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ አስራለሁ። ብዙዎቹ በወሩ ሲመለሱ ቆርቆሮው የለም፤ «ይንኳኳል» ብለው ይፈቱታል። አንዱ እንዲያውም ባለፈው ጥር ድሬዳዋ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ «ምንም አልሆነችም፤ ምን ያስፈራራሃል?» ብሎኛል። ባለ አራት ምት ስለሆነች ታግሣዋለች፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ፣ መስማቱን ግን እጠራጠራለሁ።

ጋሼ ሞተሯን ይዘው ወደ አዋሽ ተመልሰው አልወረዱም፤ ልጃቸውን የሚጠይቁት በአውቶቡስ ነው። የልጅ ልጃቸው አንዳንድ ቅዳሜ ካንዴላ ለማጽዳት አብሯቸው ይመጣል። ዘይቱን እየሞላ፣ ካቴናውን እየቀባ ከአያቱ ይልቅ እኔን ብዙ ይጠይቀኛል። መቀመጫውን አንሥቼ የተጠቀለለው ጄት በቦታው መኖሩን ሳላይ ግን ከግቢዬ አላስወጣቸውም።