ማስቆምን እየተማርኩ ነው፦ የስምንተኛ ሳምንት ማስታወሻ

ሰላም ጓዶች። ባለፈው እንዳልኳችሁ የጂማችንን የኤምኤምኤ (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ውድድር) ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ፍልሚያ፣ መዳኘት እየተለማመድኩ ነው። ስምንተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍልሚያን መቼ እንደማስቆም።

ስጀምር ዓይኔ የሚሄደው ወደሚመታው ሰው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ተመልካች ነበርኩና ቡጢው ይስበኛል። በሁለተኛው ሳምንት ማስተራችን ጠሩኝና «የላይኛውን ተወው፣ እሱ ደህና ነው። ከታች ያለውን እይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የድሮ ፍልሚያዎችን ድምፅ አጥፍቼ ነው የማየው። የኮሜንታተሩ ጩኸት ሲጠፋ ከታች ያለው ሰው ጎልቶ ይታያል።

የኤምኤምኤ ደንብ ተፋላሚው ራሱን በአግባቡ መከላከል ሲያቅተው ዳኛው ያስቁም ይላል። የምታስቸግረው «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ናት። በፊት ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው ሳይ «ጋርድ ይዟል» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ወገቡን ነው የማየው። ወገቡ ይዞራል? እግሩን መሀል ለማስገባት ይሞክራል? የሚመታውን እጅ ለመያዝ ይዘረጋል? ከሆነ ገና እየተፋለመ ነው። ተኮራምቶ የሚወርድበትን ቡጢ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን አልቋል።

ሐምሌ 2010 (እ.ኤ.አ.) በዩኤፍሲ 116 (ትልቁ የኤምኤምኤ ድርጅት ያዘጋጀው ውድድር) ብሮክ ሌስናርና ሼን ካርዊን የተፋለሙትን ደጋግሜ አየሁት። በመጀመሪያው ዙር ሌስናር ኬጁ (የመፋለሚያው አጥር) ሥር ወድቆ ቡጢ ዘነበበት። መጀመሪያ ሳየው እኔ ብሆን አስቆመው ነበር። ዳኛው ጆሽ ሮዘንታል ግን አጠገቡ ሆኖ እያየው አላስቆመም። ድምፁን አጥፍቼ ሳየው ገባኝ፤ ሌስናር ይሸፍናል፣ ይንቀሳቀሳል። ካርዊን ትንፋሽ አጠረው። በሁለተኛው ዙር ሌስናር አንቆ ታፕ አስደረገው፤ በእጁ መታ መታ አድርጎ እጅ ሰጠ ማለት ነው።

በዚህ ምሳሌ ብቻ እንዳልታለል ደግሞ የካቲት 2018 ብራዚል ቤሌም ላይ የተደረገውን አየሁ። ቫለንቲና ሼቭቼንኮ ፕሪሲላ ካቾኤራን 230 ጊዜ መታቻት፤ ካቾኤራ የመለሰችው 3 ብቻ ነው። ዳኛው ማሪዮ ያማሳኪ ሳያስቆመው ቀረ፤ ያበቃው በሁለተኛው ዙር ካቾኤራ ታንቃ ታፕ ስታደርግ ነው። በኋላ የተዋጊነት ዕድል ልስጣት ብዬ ነው አለ። በዚህ አልስማማም። ተፋላሚ በቃኝ ላለማለት የሰለጠነ ሰው ነው። እኛ እዚያ የቆምነው ለምንድነው ታዲያ?

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ጊሎቲን (አንገትን ከፊት በክንድ የማነቅ ስልት) ውስጥ ገባ። ታፕ አላደረገም። ቀኝ እጁ ከጓደኛው ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ። አየሁት። «እያረፈ ይሆን?» ብዬ ጠበቅኩ። ስገባ ራሱን ስቶ ነበር። ሲነቃ «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ደህና ነው፣ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጋቢት 2019 ሮቢ ሎውለር ከቤን አስክረን ጋር ሲፋለም ታንቆ እጁ ወረደ፤ ኸርብ ዲን አስቆመው። ሎውለር ወዲያው ደህና ነኝ ብሎ ተነሳ። ያኔ ዲን ላይ በጣም ተናድጄ ነበር። ከልጁ በኋላ ግን ያንን እጅ ሲወርድ ሳየው ሆዴ ይባባል። እኔም አስቆመው ነበር። ሎውለር ተቆጥቶ በእግሩ ነው የወጣው።

አሁን አንገት ከተያዘ ጎንበስ ብዬ ነጻ የሆነውን እጅ እይዛለሁ፣ «ጨብጠኝ» እላለሁ። ካልጨበጠኝ አልጠብቅም። ከሁለቱ አንዱ እየተበሳጨ ሊወጣ ይችላል፤ ይበሳጭ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆመው ሲመታቱ ጉልበታቸው ሲከዳ እንዴት እንደሚታወቅ እሞክራለሁ። እዚህ ላይ ገና ነኝ። የምትዳኙ ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት እግሩን ነው ወይስ ዓይኑን? ንገሩኝ።