«እኛ ጋ ምንም የለም»

ከፊት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ፕሮክሲ ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ አፕሊኬሽኑ የሚሠራባቸው ሁለት የኖድ ሰርቨሮች። ፖስት (ዳታ የሚልክ ጥያቄ) አልፎ አልፎ 502 (ፕሮክሲው ከኋላው ደህና መልስ አላገኘም የሚል ስህተት) ይመልሳል፤ ጌት (ዳታ የሚያመጣ ጥያቄ) ግን አንዴም ወድቆ ታይቶ አያውቅም።

የአፕሊኬሽኑ ልጆች ሎጋቸውን ከፍተው፣ «እኛ ጋ ምንም የለም፤ ፕሮክሲው ነው የበላው» አሉ። የኔትወርኩ ልጅ ከፕሮክሲው ኤረር ሎግ አንዲት መስመር ለጠፈላቸው፦ 104፣ ኮኔክሽን ሪሴት ባይ ፒር፤ ኮኔክሽኑን ያቋረጠው ወዲያኛው ወገን ነው ማለት ነው።

«ፒር ማለት እናንተ ናችሁ።»

«ሎጋችን ባዶ ነው እኮ!»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ።»

ሁለት ቀን በዚሁ አለቀ። የሚያበሽቀው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። ፕሮክሲ ቱቦ አይደለም፤ ከብራውዘሩ ጋር አንድ፣ ከኋላው ሰርቨር ጋር ሌላ ኮኔክሽን ይይዛል። ኪፕአላይቭም (ኮኔክሽኑን ለሚቀጥለው ጥያቄ ክፍት ማቆየት) የሁለት ጎረቤታሞች ውል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አይሻገርም። እዚያ ቤት ኤንጂንኤክሱ ሥራ የፈታ ኮኔክሽን 60 ሰከንድ ያቆያል፤ ኖዱ 5 ሰከንድ ጠብቆ ይዘጋል።

የኔትወርኩን ትራፊክ በሚቀዳው ቲሲፒደምፕ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አምስተኛው ሰከንድ ላይ ኖድ ፊን (የመዝጊያ ምልክት) ይልካል፤ ፊኑ ገና መንገድ ላይ ሳለ ፕሮክሲው በዚያው ኮኔክሽን ፖስቱን ይሰድዳል፤ ሶኬቱ ተዘግቷልና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል በአርኤስቲ (የማቋረጫ ምልክት) ይመልሰዋል። ኮዱ ጋ ያልደረሰ ጥያቄ ሎግ ከየት ያምጣ?

ጌትም ይወድቅ ነበር። ኤንጂንኤክስ ለተጠቃሚው ሳያሳውቅ በሌላ ኮኔክሽን ስለሚደግመው ነው ያልታየው። ፖስትን ግን ከ1.9.13 ቨርዥን ወዲህ አንዴ ከላከው፣ ካልታዘዘ በቀር አይደግምም።

አንዱ ብልህ ታዲያ አዘዘው። 502ቱ ጠፋ፣ ምስጋናው ጎረፈ። መልሱ ከ60 ሰከንድ በላይ የዘገየውንም ፖስት ፕሮክሲው ለሁለተኛው ሰርቨር ሰጠው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ሥራውን አልተወም ነበር። አንድ የደንበኛ ትዕዛዝ ሁለቴ ተመዘገበ።

መፍትሔው የኋለኛው ከፊተኛው በላይ እንዲታገሥ ማድረግ ነው፦ የኖዱ ኪፕአላይቭ ታይምአውት 65000፣ ሄደርስ ታይምአውቱ (የጥያቄውን ራስጌ የሚጠብቅበት ጊዜ) 66000። መጀመሪያ የገባው ግን 65 ነበር። አሃዱ ሚሊሰከንድ ነውና 502ቱ ባሰበት፤ «አላልናችሁም፣ ፕሮክሲው ነው!» ተባለ።

ሦስቱ ዜሮዎች የተጨመሩት አፕሊኬሽኑ ኮድ ውስጥ ነው። ቲኬቱ ሲዘጋ የተጻፈበት፦ «የኔትወርክ ችግር፤ ተፈቷል።»